ግድቡ አለቀ፤ ትራንስፎርመሩስ?

ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ ጦር ኃይሎች ላይ የታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው የአገሪቱን ጉዳይ ለመስማት ጋዜጣ መግዛት አያስፈልገውም። ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴልና ወደ ዓለም ባንክ የሚሄደው ሕዝብ ተጠማዝዞ ከቆመበት ሰልፍ ውስጥ ግድቡም፣ ሳተላይቱም፣ የኤሌክትሪክ መኪናውም፣ ባቡሩም በተራ በተራ ይነሳሉ። "ያን ሁሉ ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመርን ተብሎ እኛ ሰፈር ትናንት ማታ ጨለማ ነበር" የሚል አይጠፋም። "የኤሌክትሪክ መኪና እያስገቡ ነው፤ አሁን ደግሞ ለምጣዱም አይተርፈንም" ይላል ሌላው። ከኋላ የቆመ ወጣት፣ "ዳቦ ሳይኖር ሳተላይት!" ብሎ ሲያክል፣ አንድ አዛውንት "ተው ልጄ፣ እሱም ይጠቅማል" ይሉታል። ምን እንደሚጠቅም ግን ታክሲው ስለሚመጣ ሳይናገሩ ይሄዳሉ።

እነዚህ አስተያየቶች መሠረት የላቸውም ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። በበኩሌ ግን እንደዚያ አላይም። አብዛኞቹ ከግማሽ እውነት የተነሱ ናቸው፤ የጎደላቸው ቀሪው ግማሽ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ቀሪ ግማሽ በተቻለ መጠን በቁጥር ለማሟላት ይሞክራል።

ከመጀመሪያውና ከዋናው ጥያቄ እንነሳ። የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ። የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ማመንጨት ጀመረ። ግድቡ ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሦስት ተርባይኖች፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ። ሰልፍ ላይ ከሚቆመው ሕዝብ መካከል የወር ደመወዙን ለቦንድ የሰጠው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚሰማው ምሬት የማንኛውም ደንበኛ ምሬት ሳይሆን የባለ ድርሻ ምሬት ነው። ይህንን መረዳት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 5,150 ሜጋ ዋት ማለት በአንድ ቅጽበት ሁሉም ተርባይኖች ቢዞሩ የሚገኘው ከፍተኛው ኃይል ነው። በታክሲ ቋንቋ እንናገረው ካልን፣ የወንበሩ ብዛት ነው። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይጭናል ማለት ቀኑን ሙሉ፣ በየደቂቃው 12 ሰው ይዞ ይሄዳል ማለት አይደለም። ጠዋትና ማታ ይሞላል፣ ረፋድ ላይ ባዶውን ይቆማል፣ ነዳጅ ፍለጋ ይሰለፋል። የሚኒባሱን እውነተኛ ሥራ የሚነግረን በዓመት ስንት ሰው አደረሰ የሚለው ነው። ለህዳሴ ግድብ ይህ ቁጥር በዓመት 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ተብሎ የታቀደ ነው። ይህንን በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ስናካፍለው አማካዩ 1,800 ሜጋ ዋት አካባቢ ይመጣል፤ ማለትም ከሙሉ አቅሙ 35 በመቶ ያህል።

ይህ ጉድለት ወይም ማጭበርበር አይደለም። ዓባይ ክረምት ላይ የሚሞላ፣ በጋ ላይ የሚጎድል ወንዝ ነው። ተርባይኖቹ በርከት ብለው የተተከሉትም ምሽት ላይ ፍላጎት ሲያሻቅብ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል መስጠት እንዲቻልና ውኃ በበዛበት ወቅትም ሳይባክን እንዲያልፍ ነው። ነገር ግን "5,150" የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው፣ የሚኒባሱን ወንበር ቆጥሮ የተሳፋሪውን ብዛት አወቅሁ እንደሚል ሰው ነው።

እንዲያም ሆኖ 1,800 ሜጋ ዋት ትንሽ አይደለም። ታዲያ ኮልፌ ውስጥ መብራት ለምን ይጠፋል? መልሱ ያለው ጉባ ላይ ሳይሆን ከግድቡ እስከ ቆጣሪያችን ባለው መንገድ ላይ ነው። ከግድቡ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ ሰፊ አውራ ጎዳና ነው እንበል። ከዚያ ወደ ከተማዋ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይገባና ቮልቴጁ እየወረደ፣ በመጨረሻ በየሰፈሩ በሚዘረጋው የ15 ኪሎ ቮልት መስመር ይጓዛል። ይህ መስመር እንጨት ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ወይም መሬት ላይ ከተቀመጠው ትራንስፎርመር ይደርሳል፤ ትራንስፎርመሩ ወደ 380 እና 220 ቮልት አውርዶ ለቤቶች ያድላል። አውራ ጎዳናው የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ የመጨረሻዋ መቶ ሜትር የኮብልስቶን ቅያስ ከሆነች መኪናው የሚያልፈው በቅያሷ ልክ ነው።

የቅያሷን ስፋት ለመገመት ከምጣድ የተሻለ መለኪያ የለም። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት ተኩል እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከሚታዩት የትራንስፎርመር መጠኖች አንዱ 315 ኪሎ ቮልት አምፒር ነው። ሌላ ምንም ነገር ሳይበራ፣ ማቀዝቀዣም ቴሌቪዥንም ተረስቶ፣ ይህ ትራንስፎርመር በአንድ ጊዜ የሚችለው 80 ምጣድ ገደማ ነው። ትራንስፎርመሩ ሲተከል ሰፈሩ ግቢ ያላቸው ዝቅተኛ ቤቶች ነበሩበት። ዛሬ በዚያው ቦታ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ የተቀሩት ግቢዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው ሦስት አራት ተከራይ አስገብተዋል። ሁሉም ምጣድ አለው። በበዓል ዋዜማ መብራት የሚጠፋበትን ምክንያት ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ ዛፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል፣ ምሰሶ ይዘማል፣ መብረቅ ይመታል። "አንድ ፌዝ ጠፍቷል" የሚባለውና ግማሹ ሰፈር በርቶ ግማሹ የሚጨልምበት ነገርም የዚሁ የመጨረሻው መስመር ሕመም እንጂ የማመንጫ እጥረት አይደለም። ማመንጫ ሲያጥር የሚሆነው ሌላ ነው፤ እሱንም በሚገባ እናውቀዋለን። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ሐይቅ ውኃው በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት ጉድለት መፈጠሩ ተገልጾ፣ ለነዋሪውም ለፋብሪካውም የፈረቃ ፕሮግራም ወጣ። ወደ ሱዳንና ወደ ጅቡቲ የሚላከው ኃይልም ተቋረጠ። ያኔ ጨለማው ሰዓት ነበረው፤ ሰው ሻማውን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ያለ ፕሮግራም፣ ሰፈር ለይቶ፣ ሳይታሰብ የሚጠፋው መብራት ግን ብዙውን ጊዜ የማከፋፈያ ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ተጠያቂውንም ይለያል። ብዙ ሰው አሁንም "መብራት ኃይል" ብሎ በአንድ ስም ይጠራቸዋል እንጂ የቀድሞው ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመርም ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከማከፋፈያ ጣቢያ ተቀብሎ እስከ ቆጣሪ ያደርሳል፣ ሒሳብም ይሰበስባል። ሪባን የሚቆረጠው፣ ፎቶግራፍ የሚነሳው በአብዛኛው በመጀመሪያው በኩል ነው። የተቃጠለ ትራንስፎርመር መቀየርን ማንም አይመርቀውም። ፖለቲካ ትልቁን ነገር ይወዳል፤ ይህ የእኛ አገር ብቻ ጠባይ ባይሆንም፣ እኛ ጋ ዋጋው በየምሽቱ ይከፈላል።

የቢትኮይን ክርክርም የሚፈታው በዚሁ መንገድ ነው። "እኛ ጨለማ ውስጥ ሆነን ለውጭ ኩባንያ ኮምፒውተር ኤሌክትሪክ ይሸጣል" የሚለው ቅሬታ ሲሰማ ያናድዳል፤ ስሜቱም ይገባል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እነዚህ ድርጅቶች የሚተክሉት ማሽን የትም ሰፈር ውስጥ ገብቶ በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ አይቀጠልም። በቀጥታ ከትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ጎን ሆኖ ከከፍተኛው መስመር ይወስዳል። የሚከፍለውም በዶላር ነው። ለእነሱ የተሸጠው ኃይል ባይሸጥ ኖሮ፣ ኮልፌ ያለው ትራንስፎርመር ጠባብ እስከሆነ ድረስ ወደ ኮልፌ አይመጣም ነበር። ተቋሙ ራሱ በ2017 ዓ.ም. አዲስ ጥያቄ እንደማይቀበል ማስታወቁ ደግሞ የመሸጫው ኃይልም ወሰን እንዳለው ያሳያል። ትክክለኛው ጥያቄ "ለምን ተሸጠ?" ሳይሆን "የተገኘው ዶላር ስንት ትራንስፎርመር ገዛ?" የሚለው ይመስለኛል።

ውኃ ላይ ብቻ መንጠልጠል አደገኛ መሆኑን ከ2011 ዓ.ም. ፈረቃ ተምረናል፤ ቢያንስ መማር ነበረብን። የዚህ መድኃኒት ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። ነፋስ አለ። በትግራይ የሚገኘው የአሸጎዳ ማመንጫ 120 ሜጋ ዋት፣ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት አላቸው። መጠናቸው ከግድቡ ጋር ሲነጻጸር ያንሳል። ዋና ጥቅማቸው ግን ጊዜያቸው ነው፤ በአገራችን ነፋሱ የሚበረታው በአብዛኛው ወንዞች በሚጎድሉበት የበጋ ወራት ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይነሳል። ነፋሱ በሚነፍስበት ሰዓት የግድቡ ውኃ ተቆጥቦ ይቆያል፤ ማለትም ግድቡ ራሱ እንደ ትልቅ ባትሪ ያገለግላል። ብዙ አገሮች ለዚህ ሥራ ውድ ባትሪ ይገዛሉ። እኛ ሐይቁ አለን።

ፀሐይስ? "አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ" ብለን ለቱሪስት ስናስተዋውቅ የኖርን ሕዝብ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ መቅረታችን እውነት ያስገርማል። ሙከራው አልጠፋም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የመተሐራ የ100 ሜጋ ዋት ፕሮጀክት ጨረታ በጣሊያኑ ኤኔል ኩባንያ አሸናፊነት ተጠናቀቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሳዑዲው አክዋ ፓወር በአፋርና በሶማሌ ክልሎች እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ለሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎች፣ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ዋጋ አቀረበ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ከተሰሙት ዋጋዎች ሁሉ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት የሚመደብ ነበር። ሁሉም ግን በወረቀት ላይ ቀሩ። ባለሀብቱ ኤሌክትሪኩን በብር ሸጦ ትርፉንና ብድሩን በዶላር ማውጣት አለበት። ዶላሩን ማን ያረጋግጥለታል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ዋጋው ቢረክስ ባይረክስ ለውጥ አያመጣም።

ልብ ብሎ ላየው፣ ሰልፉ ላይ ከሚነሱት ጉዳዮች መካከል በዚህ በዶላር በር በኩል የማይወጣ የለም። የኤሌክትሪክ መኪናውም የመጣው በዚያው ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ፣ የውጭ ጋዜጦች ስለ አየር ንብረት ጻፉ። ውሳኔው ለአየር ንብረት አይጠቅምም አልልም፤ ዋናው ምክንያት ግን በየዓመቱ ለነዳጅ የሚወጣው ቢሊዮን ዶላር ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ዓባይ ግን ያለ ዶላር ይፈስሳል።

"የኤሌክትሪክ መኪናው መብራቱን ይጨርሰዋል" የሚለውን ሥጋት እንመርምረው። አንድ መቶ ሺህ የኤሌክትሪክ መኪና አለ እንበል። እያንዳንዱ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 0.15 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ፣ በቀን በድምሩ 600 ሜጋ ዋት ሰዓት፣ በዓመት 219 ጊጋ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከህዳሴ ግድብ ዓመታዊ ምርት 1.4 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናው ግድቡን አይጨርሰውም፤ አንድ ሚሊዮን ቢሆንም እንኳ አይጨርሰውም።

ግን ሰልፈኛው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ግድግዳ ላይ የሚገጠም የቤት ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሁለት ምጣድ እንደማለት ነው። ልዩነቱ፣ ምጣድ በሳምንት ሁለቴ ለተወሰነ ሰዓት ተጥዶ ይወርዳል፤ መኪናው ግን ባለቤቱ ከሥራ እንደገባ፣ ልክ ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚያበስልበት በምሽት 1 እና 2 ሰዓት ላይ ተሰክቶ ለሰዓታት ይቆያል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ሃያ መኪና በአንድ ጊዜ ከተሰካ 140 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ የዚያ የ315ቱ ትራንስፎርመር ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ይህ ለአገር ምንም፣ ለሰፈር ግን ጨለማ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ትራንስፎርመሩም ግድቡም ሥራ ይፈታሉ። አብዛኞቹ መኪኖች ቻርጅ የሚጀምሩበትን ሰዓት በራሳቸው መያዝ ይችላሉ። የሌሊቱ ዋጋ ከምሽቱ ቢረክስ ማንም ሳይመከር ሰዓቱን ያስተካክል ነበር። ኮንዶሚኒየም ለሚኖረውና መኪናውን ከታች ለሚያቆመው ግን ገመዱን ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ከማውረድ የተሻለ መላ መፈለግ የግድ ነው።

ስለ ባቡሩ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ነገሩ ከላይ ከተባለው አይለይም። ከአያት ተነስቶ ጦር ኃይሎች የሚያበቃው የ17 ኪሎ ሜትር መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከሰሜን ደቡቡ ጋር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በጅምሩ ታሪፉ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። በ2 ብር ትኬት ሰብስቦ መለዋወጫ በዶላር መግዛት እንዴት ይሆናል? አልሆነም። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላይ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ መጣ። "ባቡሩ ለምን ይዘገያል፣ መብራት ጠፍቶ ነው?" ለሚሉ ተሳፋሪዎች መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "የለም፣ ብሎን ጠፍቶ ነው" የሚል መሆን ነበረበት።

ከጦር ኃይሎች ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው ኮልፌ ቀራንዮ ጠርዝ ላይ፣ ሌላ የኤሌክትሪክ ታሪክ አለ፤ ረጲ። ሰፈሩ "ቆሼ" ብሎ የሚያውቀው ቦታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ አደጋው ከመድረሱ በፊት ግንባታው ተጀምሮ የነበረው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ተባለ። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ነው የተነደፈው።

በሰልፍ ወሬ ረጲ ሁለት ጊዜ ይነሳል፤ አንዴ እንደ ተአምር፣ አንዴ እንደ ከሸፈ ፕሮጀክት። ሁለቱም መለኪያው የተሳሳተ ይመስለኛል። ጣቢያው ለመረብ የሚሰጠው 25 ሜጋ ዋት ገደማ እንዲሆን ነው የታቀደው፤ ከህዳሴ ግድብ አቅም ግማሽ በመቶ። በኤሌክትሪክ ብቻ ከለካነው አዋጭ አይደለም። እንደ ቆሻሻ ማስወገጃ ብንለካው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተቃጥሎ የቀረው አመድ ከነበረበት ቆሻሻ እጅግ ያነሰ ቦታ ይይዛል፤ የማይቆለል ቆሻሻ ደግሞ አይናድም። ችግሩ የእኛ ቆሻሻ እርጥብ መሆኑ ነው። የአውሮፓ ከተሞች ቆሻሻ ወረቀትና ፕላስቲክ ይበዛበታል፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትርፍና አመድ ይበዛዋል፤ ክረምት ላይማ ውኃ ጠጥቶ ነው የሚመጣው። እርጥብ እንጨት ያነደደ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሙቀቱ የሚያልቀው ውኃውን በማትነን ነው። ጣቢያው ሳይቆራረጥ አለመሥራቱ ከዚህም፣ ከውልና ከጥገና ጣጣም የመጣ ነው። ቆሻሻን ከቤት ጀምሮ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ቢጀመር ግማሹ ጉዳይ ይቀል ነበር። ይህ ደግሞ እንደገና የወረዳ ሥራ ነው፤ ሪባን የለውም።

አሁን ወደ ሳተላይቱ፣ አዛውንቱ ሳይጨርሱ ወደሄዱበት። የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከቻይና ታይዩዋን ማስወንጨፊያ ተነሳች። 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ነበረች። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን ስድስቱን ያህል የሸፈነችው ቻይና ናት። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ትንሽ ሳተላይት ተከተለች። "ዳቦ ሳይኖር" ለሚለው ወጣት፣ ስምንት ሚሊዮን ዶላር ከቀላል ባቡሩ ወጪ 2 በመቶ እንደማይሞላ መንገር ይቻላል። በዚህ ገንዘብ የሚጠግብ ሕዝብ የለም።

ነገር ግን መንግሥታዊው ማብራሪያም ያኔ ከልክ አልፎ ነበር። ሳተላይቷ ለግብርና፣ ለደን፣ ለማዕድን ምስል ትሰጣለች፣ ለምስል የምናወጣውን ወጪ ታስቀራለች ተባለ። የአሜሪካው ላንድሳት ምስል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይገኛል። የአውሮፓው ሴንቲኔል ሁለት ደግሞ በ10 ሜትር ጥራት ነፃ ነው፤ የእኛዋ ጥራት ከ13 ሜትር በላይ ነበር። በዚያ ላይ ተራ ካሜራ ደመናን አልፎ አያይም፤ ማሳውን ማየት የምንፈልገው ክረምት ላይ፣ ሰማዩ በተደፈነበት ጊዜ ነው። ታዲያ ምን ጠቀመች? ሰው አሠለጠነች። በንድፍና በግንባታ የተሳተፉ ወጣት መሐንዲሶች፣ እንጦጦ ላይ ሆነው ሳተላይት የሚቆጣጠሩ ባለሙያዎች አፈራች። የተሠራችው ለሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር፤ እነሱ ግን አገር ውስጥ ከቆዩ ከሁለት ዓመት በላይ ያገለግላሉ። "ከቆዩ" የምትለዋ ቃል ከባድ ናት። (በነገራችን ላይ እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ትልቁ ጠላታቸው የአዲስ አበባ መብራት ነው። ከተማው ጨለማ ሲሆን የሚጠቀም አንድ ወገን ቢኖር እነሱ ናቸው።)

የቀረን የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ በሰልፉም ድምፅ ከፍ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመታት ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለረጅም ዓመታት ሲከፈል የቆየው በኪሎ ዋት ሰዓት ከ28 ሳንቲም ያልበለጠ ነበር። ሳንቲም ስል የብር ሳንቲም ነው። በዚህ ዋጋ ሽቦ እንኳ መቀየር እንደማይቻል የሚካድ አይደለም፤ በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀና ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ። ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው መዳብና ዘይት በብር አይገዛም።

ስለዚህ ታሪፉ መጨመሩ አይደለም የሚያከራክረኝ። የሚያከራክረኝ ከፋዩ በምላሹ የሚያየው ነገር አለመኖሩ ነው። ደረሰኙ ላይ የተጠቀምነው መጠንና የምንከፍለው ብር ተጽፎ ይመጣል። በዚያ ሩብ ዓመት በወረዳችን ስንት ትራንስፎርመር እንደተቀየረ፣ መብራት ለስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ከዚህ ውስጥ ታቅዶ የጠፋው ስንት እንደሆነ ግን አይመጣም። ይህንን መቁጠር አዲስ ሳይንስ አይደለም፤ በሌላ አገር የኤሌክትሪክ ድርጅቶች በደንበኛ አማካይ የመቋረጥ ሰዓታቸውንና የመቋረጥ ድግግሞሻቸውን በየዓመቱ ያወጣሉ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በዚያ ይመዝናቸዋል። ታሪፍ በየሦስት ወሩ ማስላት የቻለ ተቋም ጨለማውንም በየሦስት ወሩ ማስላት አያቅተውም። ያ ዝርዝር ለየወረዳው ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ፣ የዓለም ባንክ ታክሲ እስኪመጣ የሚነሳው ክርክር ግድቡ ስንት ሜጋ ዋት ነው በሚለው ሳይሆን የኛ ወረዳ ካለፈው ሩብ ዓመት ተሻለ ወይስ ባሰበት በሚለው ላይ ይሆን ነበር።